በስድስት መደርደሪያ የተበተነ ፓርክ

የብሳና ቅጠል ገልብጣችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ በመንገድ ዳር፣ በማሳ ድንበር፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የማይታጣ ዛፍ ነውና ፍለጋው አያደክምም። የቅጠሉ ፊት አረንጓዴ፣ ጀርባው ነጣ ያለ ነው፤ ሊረግፍ ሲል ብርቱካንማ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ እረኛውም ተማሪውም ያውቃል። ቅጠሉ ከዘንጉ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ግራና ቀኝ የተቀመጡትን ሁለት ጥቃቅን ዕጢዎች ግን ተጠግቶ ያልመረመረ ሰው አያያቸውም። አንድን ዛፍ ከሚመስሉት ዛፎች ለይቶ ለማወቅ የሚያግዙት ደግሞ እንዲህ ያሉት ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው።

ይህን ያነሣሁት ስለ መጻሕፍት ለመጻፍ ነው። ቡሬ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላት፤ ግብርናና የተፈጥሮ ሀብት ይማሩባታል። ፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። እንዲህ ባለ አገር አንድ ቤተ መጻሕፍት ስለ ፓርክና ስለ መዝናኛ የሚሆን ስብስብ ላደራጅ ቢል ከምን ይጀምራል? ቀላሉ መንገድ የውጭ አሳታሚዎችን ዝርዝር ገልጦ በርዕሱ ላይ «ፓርክ» የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ ማዘዝ ነው። የሚመጣው ስለ ሣር ሜዳ አጠጣጥ፣ ስለ ልጆች መጫወቻ ደኅንነት፣ ስለ መናፈሻ በጀት አያያዝ የሚያስተምር መጽሐፍ ይሆናል። አይጠቅምም አልልም። ግን የቡሬ ተማሪ በመስኮቱ የሚያየውን አገር አንዱም ገጽ ላይ አያገኘውም። (ቡሬ ላይ «ፓርኩ የት ነው?» ብትሉ፣ መጀመሪያ የሚጠቆማችሁ የተቀናጀው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሳይሆን አይቀርም። ካታሎግ የሚሠራ ሰው ይህንንም ማሰብ አለበት።) እኔ ብሆን የምጀምረው የብሳናውን ቅጠል ገልብጠው ካዩት ሰዎች ሥራ ነው።

«ፍሎራ ኦፍ ኢትዮጵያ ኤንድ ኤርትሪያ» ይባላል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1980 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ተጀመረ። በኢትዮጵያ በኩል መጀመሪያ ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ኋላም ሰብስቤ ደምሰው መሩት፤ በስዊድን በኩል ኢንጋ ሄድበርግ ነበሩ። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1989 ሲወጣ በጀርባው ላይ የተጻፈው ቁጥር 1 ሳይሆን 3 ነበር። ቅጽ 1 የታየው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ማውጫውን ከያዘው ከቅጽ 8 ጋር በአንድ ዓመት ነው። ቅጾቹ ስምንት፣ መጻሕፍቱ ግን ዐሥር ናቸው፤ ሁለተኛውና አራተኛው እያንዳንዳቸው ለሁለት ተከፍለዋል። የዕፅዋት ቤተሰቦቹ ተራ አስቀድሞ ተወስኖ፣ የተጠናቀቀው ቅጽ ግን ሌላውን ሳይጠብቅ ይታተም ስለነበር ነው ቁጥሩ እንዲህ የተዘበራረቀው። ስድስት ሺህ ገደማ የዕፅዋት ዝርያ፣ ከእነዚህም ከመቶ ዐሥር የሚሆነው ከዚህ ምድር ውጭ የማይገኝ፣ በዚህ አኳኋን ተመዘገበ።

የብሳና ቤተሰብ ያለው በ1995 በወጣው በቅጽ 2 ሁለተኛ ክፍል ሲሆን የጻፉት ማይክል ጊልበርት ናቸው። እንዲህ ባለ መጽሐፍ አንድ ገጽ ላይ ትንሽ እንቆይ። ገለጻው ግስ የለውም ማለት ይቻላል። ግንድ፣ ቅርፊት፣ ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ፣ ዘር እያለ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይወርዳል፤ ቅጽል ሲጠቀምም የሚለካ ወይም የሚዳሰስ ነገር ስላለው ነው። «ያማረ» ወይም «ግርማ ያለው» የሚባል ዛፍ የለም። የቅጠሉ ርዝመት ሲነገር አንድ ቁጥር አይሰጥም፤ ከዚህ እስከዚህ ይባላል። ከግራና ከቀኝ ደግሞ አንዳንዴ በቅንፍ የታጠረ ሌላ ቁጥር ይታከላል። ያ ቅንፍ ብዙ ነገር ይናገራል፦ አብዛኛው ቅጠል በዚህ መካከል ነው፣ አልፎ አልፎ ግን እስከዚህ የሚያጥር ወይም የሚረዝም ተገኝቷል ማለት ነው። ከአንዲት ቅንፍ ጀርባ አንድ ሰው ብዙ የደረቀ ቅጠል ዘርግቶ ማስመሪያ ይዞ ውሏል። እኔ እንዲህ ያለ ቅንፍ ሳይ ሌላው ሰው በጥልፍ ወይም በሐረግ ላይ የሚያገኘውን ደስታ አገኛለሁ።

ከገለጻው የሚበልጠው ጥበብ ግን ቁልፍ የሚሉት ነው። አንባቢውን በሁለት በሁለት ምርጫ እየመራ ወደ ስሙ የሚያደርስ መሰላል ነው፦ ቅጠሉ ፊት ለፊት ከሆነ ወደ 2፣ ተራ በተራ ከሆነ ወደ 7። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ክፉ ቁልፍ ያጋጠመው ግን ልፋቱን ያውቃል። ተማሪው ጥር ላይ በእጁ ያለው ቅጠል ብቻ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ፍሬው ከሆነ ደጁ ላይ ቀረ ማለት ነው። «ተለቅ ያለ» እና «አነስ ያለ» ብሎ የሚያስመርጥ ደግሞ እንዲገምት ያስገድደዋል። ቁልፍ አዋቂ ሰው ጥያቄዎቹን የሚደረድረው ከሁሉ ቀድሞ ከሚታየው ምልክት ነው፤ ሁለቱ ምርጫዎች እንዳይደራረቡም ይጠነቀቃል። ይህን የሚያህል ጥንቃቄ የተደረገበት ጽሑፍ በሌላ ዘርፍ ያጋጠመኝ በሕግ ረቂቅ ብቻ ነው፤ እዚያም ሁልጊዜ አይደለም።

በገለጻው መጨረሻ መኖሪያው፣ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታና የሚገኝባቸው አካባቢዎች ይነገራሉ። አካባቢዎቹ የሚጻፉት በምህጻር ነው፤ ጎጃምም የራሱ ሁለት ፊደል አለው። ለቡሬ ተማሪ እነዚያ ሁለት ፊደላት የመጽሐፉ በር ናቸው። ግን የጎጃም ምድር ከአባይ በረሃ እስከ ጮቄ ጫፍ ይደርሳልና ፊደላቱ ብቻቸውን አይበቁም፤ ከከፍታው ቁጥር ጋር ካልተነበቡ የቆላውን ዛፍ ደጋ ላይ ያስፈልጋሉ። ይህን ማንበብ የሚያስተምር የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ቢኖር ከአሥር አዲስ መጽሐፍ ይሻላል እላለሁ። የጽሑፉ ምስክር ደግሞ አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ፣ በብሔራዊ ሄርባሪየም ተቀምጧል፤ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ የደረቀ፣ በወፍራም ወረቀት ላይ የተሰፋ ወይም የተለጠፈ፣ ጥግ ላይ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስምና ቁጥር የተጻፈበት ቅርንጫፍ።

ከፍሎራው ጎን የማስቀምጠው ትንሽ መጽሐፍ አለ። አዘነ በቀለ ተሰማ ከአን በርኒና ከቦ ቴንግናስ ጋር በ1993 ያወጡት፣ ጠቃሚ የኢትዮጵያ ዛፎችና ቁጥቋጦዎችን የያዘው የእንግሊዝኛ መመሪያ ነው፤ በ2007 ተሻሽሎ ታትሟል። ብልሃቱ በገጽ አቀማመጡ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ዛፍ በአንድ ወገን ጽሑፉ፣ በሌላው ወገን በመስመር የተሣለ ሥዕሉ አለ፤ አንባቢው ገጽ ሳያገላብጥ ያመሳክራል። ጽሑፉ ለሁሉም ዛፍ በአንድ ተራ ይሄዳል፦ በየቋንቋው ያለው ስም፣ የሚስማማው ቦታ፣ ጥቅሙ፣ መልኩ፣ አባዛዙ፣ አያያዙ። ስለ ዘሩ ሲነገር በአንድ ኪሎ ስንት ፍሬ እንደሚገባና ከመዘራቱ በፊት መዘፍዘፍ ያስፈልገው እንደሆነ ሳይቀር ይጻፋል። የዋንዛ ችግኝ ለማፍላት ላሰበ የቀበሌ ሠራተኛ ያ አንድ መስመር ከአንድ ምዕራፍ ይበልጥበታል። ፎቶግራፍ ሳይሆን የመስመር ሥዕል መመረጡም አስተዋይነት ነው። ፎቶግራፍ ጥላውንም አቧራውንም አንድ ላይ ያነሣል፤ ሣዩ ግን ለመለየት የሚጠቅመውን መርጦ ያስቀምጣል።

አሁን ወደ መደርደሪያው እንሂድ፤ እዚህ ላይ ነው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ጥበብ የሚፈተነው። በብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራበት የዲዊ አመዳደብ ፓርክን አንድ ቦታ አያስቀምጠውም። እንደ መሬት አጠቃቀም ሲታይ 333.78 ነው፤ እንደ ሕዝብ አገልግሎት 363.68። የኢትዮጵያ ዕፅዋት 581.963 ላይ፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ 639.9 ላይ፣ የመናፈሻ ንድፍ 712 ላይ ይውላል፤ ጨዋታና መዝናኛ ደግሞ 790 ላይ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ስድስት መደርደሪያ ነው። የተጓዦች መጻሕፍት ከተጨመሩ 916.3 ሰባተኛው ይሆናል። ተማሪው አንዱን አግኝቶ ሌላውን ሳያውቅ ይወጣል።

ጥሩ ስብስብ የሚታወቀው እዚህ ነው። የቤተ ክርስቲያን ካብ አይታችሁ ከሆነ፣ ድንጋዮቹ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፣ ጭቃም ሲሚንቶም የለበትም፤ የሚይዘው የድንጋዩ ክብደትና የካቢው መምረጥ ነው። ካታሎግም እንዲሁ ነው። ባለሙያው መጻሕፍቱን ከቁጥራቸው ሳያነቃንቅ፣ በርዕሰ ጉዳይ ስያሜና «ይህንንም ተመልከት» በሚል መምሪያ ያያይዛቸዋል። «ቡሬ» በውጭ ፊደል ሦስት አራት ዓይነት አጻጻፍ አለው፤ ፍኖተ ሰላምም አንዳንዴ አንድ ቃል፣ አንዳንዴ ሁለት ሆኖ ይጻፋል። ሁሉንም ወደ አንድ የሚመልስ መምሪያ ካልተጻፈ የአገሩ ልጅ የአገሩን ነገር ፈልጎ ያጣል። አዘነ በቀለ ተሰማ በውጭ ካታሎግ በ«በቀለ» ሥር ሊገቡ ይችላሉ፤ እዚህ ማንም በአባታቸው ስም አይፈልጋቸውም። የዕፅዋት ሊቃውንት ይህን ነገር በደንብ ይዘውታል፦ ሰብስቤ ደምሰው ስም ባወጡለት ተክል መጨረሻ ላይ የሚጻፈው «ሰብስቤ» ነው፤ መስፍን ታደሰም «መስፍን»፣ እንሰርሙ ቀልቤሳም «እንሰርሙ»። የአባት ስም አልቀደመም።

በዚህ አገር እንዲህ ያለውን ሥራ በእጁ የሠራ ሰው ቢጠየቅ መጀመሪያ የምጠራው ስታኒስላው ሆይናትስኪን ነው። ፖላንዳዊ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1950 መጥተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመሩ። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተርነት ሲቋቋም የቤተ መጻሕፍቱም የቤተ መዘክሩም ኃላፊ እሳቸው ሆኑ። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል በጻፉት ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። የተቋሙ መጽሔት በዚያው ዓመት ሲጀምር በመጀመሪያው ቁጥር ላይ የጻፉት ስለ ደን ነበር፤ የጥንት ተጓዦች ስለ ኢትዮጵያ ደንና ስለ ደኑ ችግር ምን እንዳዩ። የመጽሐፍ ሰብሳቢ እጁ ላይ ያለውን የተጓዦች መደርደሪያ ዛፍ እየፈለገ አነበበው ማለት ነው። 916.3 ላይ ካለው ለ333 የሚሆነውን አወጣ። ከዚህ የተሻለ የ«ይህንንም ተመልከት» ምሳሌ አላውቅም። በእርግጥ ተጓዥ የሚሄደው በነጋዴና በሠራዊት መንገድ ነው፤ መንገድ ባለበት ደግሞ እርሻና ከተማ ይኖራል፤ የተጓዥ ምስክርነት ከመንገድ የራቀውን ጫካ ይስታል። ቢሆንም ጥያቄውን ለመጽሐፍ ማቅረቡ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ከተጓዦቹ ሁለቱ ለምዕራብ ጎጃም ቅርብ ናቸው። ጄምስ ብሩስ በ1770 ሰከላ፣ ግሽ አባይ ደርሷል፤ በ1790 ያሳተመው መጽሐፍ አምስተኛ ቅጽ በተፈጥሮ ታሪክ ሥዕሎች የተሞላ ነው፤ ኮሶ አለ፣ እንሰት አለ፣ ቃንጥፋም አለ። ስለ ቃንጥፋ እሾህ ያማረረው ለብቻው ይነበባል፤ ንጉሥ ሊዘምት ሲል ቃንጥፋ እንዲመነጠር አዋጅ ይነገር እንደነበር የጻፈው እዚያ ነው። ዕፅዋቱን የሣለው ግን አብሮት የነበረው ጣሊያናዊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። ብሩስ ብቻውን የደረሰ ለመምሰል ባሉጋኒ ከግሽ ጉዞ በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ፤ ሰውየው ግን አብሮት ግሽ ደርሶ፣ ጎንደር ላይ የሞተው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት መቶ ዓመት አልፎ፣ በ1991፣ ፖል ሃልተን፣ ናይጄል ሄፐርና ኢብ ፍሪስ ሥዕሎቹን በባሉጋኒ ስም በአንድ መጽሐፍ አወጧቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ሁለቱንም መግዛት አለበት፤ የካታሎግ ሠራተኛው ደግሞ በብሩስ መዝገብ ላይ የሣዩን ስም መጨመር አለበት። ይህ ለደግነት የሚደረግ አይደለም፤ የመዝገቡ ትክክለኛነት ይጠይቃል።

ሁለተኛው ሮበርት ቺዝማን ነው፤ ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር። የአባይን ጉዞ በበቅሎና በእግር እየተከታተለ ካርታ አነሣ፤ የጣናን ደሴቶች አንድ በአንድ ጎበኘ፤ መጽሐፉን በ1936 አወጣ። የወፍ ሰውም ነበርና ከወፍ አጥኚው ከስክሌተር ጋር ስለ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ወፎች በ«አይቢስ» መጽሔት ጽፏል። ዩኔስኮ በ2015 ጣናን የባዮስፌር ሪዘርቭ ካደረገው ወዲህ የድሮውን ከአሁኑ ለማነጻጸር የሚፈልግ ሰው እነዚህን ዝርዝሮች መጠየቁ አይቀርም።

ስለ ፓርክ ይህን ያህል አልሁ፤ መዝናኛው ግን ተረሳ። በግብርና ካምፓስ መደርደሪያ ላይ 790 ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ የእግር ኳስ ደንብ ካለ ደኅና ነው። ጎጃም ግን በዚህ በኩል ድሃ አይደለችም። ፈረንሳዊው አጥኚ ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1928 እና 1929 ጎጃም ተቀምጦ ነበር፤ በ1935 ፓሪስ ላይ ስለ ሐበሻ ጨዋታዎችና መዝናኛዎች ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ። ፓንክረስት በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ስለ ገበጣና ስለ ዘመዶቹ ረዥም ጥናት ጻፉ። ይህ ሁለተኛው መጽሐፍ ሳይሆን የመጽሔት ጽሑፍ ነው፤ በካታሎግ ውስጥ ለብቻው ካልተመዘገበ መጽሔቱ መደርደሪያ ላይ እያለ ጽሑፉ የለም። እንዲህ ያሉትን ለይቶ የሚመዘግብ ሰው የሚውለው በአቧራ መካከል ነው፤ ማንም አያመሰግነውም፤ ሥራው ግን አንድ መጽሐፍ ከመግዛት ይበልጣል። በአዊ በኩል የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያሳዩት ግልቢያ ደግሞ ከመጽሐፍ ይልቅ ፎቶግራፍና ፊልም ይፈልጋል።

ነጋሪት ጋዜጣን በአጭሩ ልለፈው። ብሔራዊ ፓርክ የሚወለደው በሕግ ነው፤ አዋሽና ስሜን ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1969 በነጋሪት ተደንግገዋል፤ የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል። በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ ሆኖ የተሠራው ገጽ የቋንቋ ተማሪንም ያስተምራል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ንም አልረሳም፤ የልብ ወለዱ ጀግና የበዛብህ አገር ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ሩቅ አይደለችምና።

የመጨረሻው መጽሐፍ የሚሸጥ አይደለም። ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴን አንባቢ የሚያውቃቸው በ«እመጓ» ልብ ወለዳቸው ነው። እኚሁ ሰው በ2007 በአውሮፓ አቆጣጠር ለሆላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ደኖች የዶክትሬት ጥናት አቅርበዋል። በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት 168 የእንጨት ተክል ዝርያ መዝግበዋል፤ ከብት እንዳይገባ ሲታጠር ችግኝ እንዴት እንደሚተርፍም በሙከራ አሳይተዋል። ልብ ወለዱ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ፣ ጥናቱ በደን፣ ምናልባትም በ634.9 ይቀመጣል። በውጭ ካታሎግ በአባት ወይም በአያት ስም ተገልብጦ ከመጣ፣ ሁለቱ የአንድ ሰው መሆናቸውን ማሽኑ አያውቅም። ስለዚህ አንድ ሰው ተቀምጦ «ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ» የሚል አንድ የስም መዝገብ ይከፍታል፤ የላቲን አጻጻፎቹን ሁሉ ከሥሩ ይጽፋል፤ ሁለቱን መጻሕፍት ያገናኛል። ሥራው ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከዚያ በኋላ «እመጓ»ን ሊዋስ የመጣ የቡሬ ተማሪ በዚያው ስም ሥር የ168ቱን ዝርያ ዝርዝር ያገኛል፤ ብሳናንም በዚያ መካከል ይፈልጋል።